ባዶውን ፕላስቲክ መልሱልን

ለ፦ የአረንጓዴ አሻራን ሥራ በየወረዳው፣ በየክፍለ ከተማውና በየክልሉ ለምታስተባብሩ
ለ፦ የችግኝ ጣቢያ ኃላፊዎች
ለ፦ በየክረምቱ ችግኝ ልትተክሉ ለምትወጡ ሁሉ

ጉዳዩ፦ ችግኙ ከተተከለ በኋላ ሜዳ ላይ ስለሚቀረው ፕላስቲክ

ጤና ይስጥልኝ።

እኔ ስድስት አመት ሙሉ ችግኝ ጣቢያ ውስጥ በቀን ሰራተኝነት አፈር ስሞላ፣ መደብ ላይ ስደረድር፣ ውሃ ሳጠጣ የኖርኩ ሰው ነኝ። አሁን ደግሞ ከሶስት ጓደኞቼ ጋር ሆነን ወንዝ ዳር ባለች ትንሽ ቦታ የራሳችንን ችግኝ እናፈላለን፣ ጽድ፣ ወይራ፣ ግራቪሊያ፣ አቮካዶ፣ ፓፓያ፣ ጊዜው ሲሆን አበባም። ይሄን የምነግራችሁ ስለ ፕላስቲኩ ሳወራ ከውጪ ሆኜ የምናገር እንዳይመስላችሁ ነው። እጄ ያውቀዋል።

የማወራው ስለዛች ጥቁር ቀጭን ፕላስቲክ ነው፣ ጣቢያ ውስጥ ፖሊቲን ቲዩብ የምንላት፣ ሌላው ሰው ዝም ብሎ የችግኝ ፌስታል የሚላት። በጥቅል ነው የምትመጣው፣ በኪሎ ነው የምትገዛው፣ እኛ በመቀስ እየለካን እንቆርጣታለን። አብዛኛዋ ከላይም ከታችም ክፍት ናት፣ አፈሩ የማይፈሰው ከታች በኩል ሁለት ጣት ያህሉን ጠቅ ጠቅ አድርገን ስለምናጠብቀው ነው። አፈሩም እንዲሁ ከሜዳ የተዛቀ አይደለም፣ 3 እጅ የአካባቢው አፈር፣ 2 እጅ የደን አፈር ወይ ኮምፖስት፣ 1 እጅ አሸዋ ተደርጎ ይደባለቃል፣ ድንጋዩና ሥራሥሩ በወንፊት ይወጣል፣ ከዛ አንድ በአንድ በእጅ ይሞላል። ይሄን የሚሰሩት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፣ ልጅ ያዘሉም አሉ፣ ቀኑን ሙሉ መሬት ላይ ቁጭ ብለው፣ ማታ ጣታቸው አይታጠፍም።

መሙላት ጥቅምት ኅዳር ላይ ይጀመራል፣ እንደ ጽድ፣ ወይራና ዝግባ ላሉት ቀርፋፋዎች ከዛም ቀደም ሊል ይችላል፣ ከዛ በኋላ እስከ ሐምሌ ያቺ ፕላስቲክ ፀሐዩንም ውሃውንም ችላ ችግኙን ታሳድጋለች። ሥሩ ከታች ብቅ ሲል እያነሳን እንገርዛለን፣ ካልተገረዘ መሬቱን ይይዝና በመጨረሻ ሲነሳ ይበጠሳል፣ ይሄ ሁሉ ድካም አለበት። ፕላስቲኳ ግን ተከላው ቀን አንድ ሰው በምላጭ ሰንጥቆ ይጥላትና በቃ፣ እድሜዋ እዛች ደቂቃ ላይ ያልቃል። ወይም ደግሞ ጭራሽ ሳትወልቅ ከነችግኙ ትቀበራለች፣ ይሄኛው ይብሳል።

ካቻምና ሐምሌ ላይ አንድ መስሪያ ቤት ችግኝ ከኛ ወስዶ ሰራተኞቹን ለተከላ ሲያወጣ እኛም አብረን ሄድን። የመስሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፣ ያየሁት ነገር የነሱ ብቻ አይደለምና፣ የሄድኩበት ተከላ ሁሉ እንደዛ ነው። ሰዉ በጣም ደስ ብሎት ነበር፣ ዝናቡ ያካፋል፣ ጭቃው ጫማ ላይ ይከብዳል፣ ግን ይዘፈናል፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ አለቃ ሰራተኛ ሳይባል ሁሉም ጎንበስ ብሎ ይተክላል፣ እኔ ያሳደግኳት ችግኝ እንደዛ በሰው እጅ ተከብራ ስትገባ ሳይ እንባዬ መጣ። ወደ ስድስት ሰዓት አካባቢ አለቀና ሁሉም አውቶብስ ውስጥ ገባ። ዞር ስል ጋራው ላይ በየጉድጓዱ አጠገብ ጥቁር ነገር፣ ጥቁር ነገር፣ ጥቁር ነገር፣ ከሩቅ ቁራ ያረፈበት ማሳ ነው የሚመስለው። አራታችን ሁለት ማዳበሪያ ይዘን እስኪመሽ ስንለቅም ዋልን፣ ግማሹን እንኳ አልጨረስነው፣ የለቀምነውም ተሰንጥቆ ስለነበር አፈር ልንሞላበት አልቻልንም። ችግኙን ያመጣው መኪና ባዶውን ተመልሶ ሄዷል።

ግንቦት ላይ ስንት ጸደቀ ብለን ልናይ ተመለስን። ደርቀው የቆሙ ነበሩ፣ እሱ ያለ ነው፣ በጋው ከባድ ነበር። አንዷን ጽድ ሳብ ሳደርጋት ግን ያለምንም ትግል ተነቅላ እጄ ላይ ቀረች፣ ከነፕላስቲኳ ነው የተቀበረችው። ከታች የታሸገው አይነት ነበር፣ ሁለት ሶስት ቀዳዳ ብቻ ያለው፣ ሥሯ መውጫ ሲያጣ የፕላስቲኩን ግድግዳ ተከትሎ ዞሮ ዞሮ እንደተጠቀለለ ገመድ ሆኗል፣ ስትተከል ጊዜ ከነበረችበት አንዲት ጣት ያህል እንኳ ወደ ውጪ አልሄደችም። ጎረቤቷን ነቀልኩ፣ ያው ነው። ሶስተኛዋን፣ ያው። መስመሩን የተከለው ሰው ችኮላ ላይ ነበር ወይ ማንም አላሳየውም፣ ክፉ አስቦ አይደለም እኮ። ግን ስምንት ወር ውሃ ያጠጣኋት ችግኝ መሬት ውስጥ ሆና መሬት ሳትነካ ሞታለች።

ለማያውቅ ሰው ልግለጽ፣ በፕላስቲክ ውስጥ የተተከለ ችግኝ ሁልጊዜ ወዲያው አይሞትም፣ አንዳንዱ በቀዳዳዋ አንድ ሁለት ሥር ይሰድና አንድ ሁለት አመት ይቆማል፣ ጸድቋል ተብሎም ይቆጠራል፣ ከዛ ግንዱ ሲወፍር የተጠቀለለው ሥር ራሱን ያንቀዋል ወይ ንፋስ ሲመጣ ይገነደሳል። ያኔ ማንም ምክንያቱን ቆፍሮ አያይም፣ ድርቅ ነው ይባላል፣ በግ በላው ይባላል።

በግ ካነሳን አይቀር፣ ፕላስቲክ የሚበላ በግና ከብት ሁላችንም አይተናል። ሆዳቸው ውስጥ አይፈጭም፣ ይጠቀለልና ይቀመጣል፣ እንስሳው እየከሳ ሆዱ ይነፋል፣ ቄራ የሰራ ሰው ካላችሁ ከሆድ እቃቸው ምን እንደሚወጣ ጠይቁት። ጋራው ላይ ተጥሎ የቀረው ፕላስቲክ የሚያገኛቸው እነሱን ነው፣ ከነሱ የተረፈውን ጎርፍ ጠርጎ ቦይ ውስጥ ይከተዋል፣ ከዛ ወንዝ፣ እኛ ደግሞ ወንዝ ዳር ነን፣ በየክረምቱ የአጥራችን እንጨት ላይ ተጠምጥሞ እናገኘዋለን። አንዳንዱ አፈር ውስጥ እየተቆራረሰ እየደቀቀ ይቀራል፣ ከአፈሩ መልሶ የሚለቅመው የለም።

ቁጥሩን እንየው እስቲ። ሐምሌ 22 ቀን 2011 በ12 ሰዓት ውስጥ 353 ሚሊዮን ችግኝ ተተከለ ተብሎ ሲነገር ከተከሉት አንዷ እኔ ነበርኩ። በ2017 ሐምሌ ደግሞ እቅዱ በአንድ ቀን 700 ሚሊዮን ነበር። ሁሉም ችግኝ በፕላስቲክ አያድግም፣ በዘር የሚገባም፣ በባዶ ሥሩ የሚተከልም፣ ቁርጥራጭ የሚተከልም አለ፣ ስለዚህ ከ700 ሚሊዮኑ ግማሹ ብቻ በፕላስቲክ አደገ እንበል፣ አንዷ ባዶ ፕላስቲክ ደግሞ 2 ግራም ብቻ ናት እንበል። 350 ሚሊዮን ጊዜ 2 ግራም 700 ሺህ ኪሎ ይመጣል፣ 700 ቶን ማለት ነው፣ ሲኖትራኩን 20 ቶን ብንጭነው 35 ሲኖትራክ። የአንድ ቀን። የራሴ ሂሳብ ነው፣ አብዝቼው ከሆነም በግማሹ ቀንሱት፣ 350 ቶን ነው፣ እሱም ሜዳ ላይ ነው።

ይሄን ስል ተከላው ይቅር የሚል ሰው እንዳይጠቀምበት እለምናለሁ። እንጀራዬም ነው፣ ፍቅሬም ነው። የተራቆተ ጋራ ስር ያደገ ሰው ዛፍ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። የምለው ሌላ ነው።

የምለው ይሄ ነው። የለስላሳና የቢራ ጠርሙስ ሜዳ ላይ ተጥሎ እንደ ችግኝ ፕላስቲክ ሲከመር አይታችሁ ታውቃላችሁ? አታዩም። ልጅ ሆነን ለስላሳ ግዙ ተብለን ስንላክ ባዶ ጠርሙስ ይዘን ነበር የምንሄደው፣ ባዶ ከሌለን ባለሱቁ ማስያዣ ይቀበለናል፣ ጠርሙሱን ስንመልስ ይመልስልናል፣ ድግስ ሲኖር እናቶቻችን ሳጥኑን ቆጥረው ተቀብለው ቆጥረው ነው የሚመልሱት፣ አንዱ ከጎደለ ቤት ይታመሳል። ለምን? ጠርሙሱ የኛ እንዳልሆነ ስለምናውቅ ነው፣ የገዛነው ውስጡን ነው፣ ጠርሙሱ ወደ ፋብሪካው ይመለሳል፣ ታጥቦ ይሞላል። ሃይላንዱን እዩት ደግሞ፣ ባለቤት የለውም፣ ስለዚህ በየቦዩ ነው።

የችግኙ ፕላስቲክም የጣቢያው ነው ይባል። ችግኙን ውሰዱ፣ ትከሉ፣ ባዶውን መልሱ። 1,000 ችግኝ የወሰደ መስሪያ ቤት 1,000 ባዶ ወይ ወደዛ የሚጠጋ ይመልስ፣ በሚቀጥለው አመት ችግኝ ሲጠይቅ መጀመሪያ ያለፈው አመት ባዶው የት ደረሰ ይባል። ለዚህ አዲስ ተቋም አያስፈልግም፣ ችግኙ ሲወጣ የሚፈረምበት ወረቀት ላይ አንድ መስመር መጨመር ነው። መኪናውም እኮ ባዶውን ነው የሚመለሰው! ችግኙን ይዞ በወጣበት ሳጥን ፕላስቲኩን ይዞ ቢገባ ነዳጁ ያው ነው።

እኛ በትንሿ ቦታችን ጀምረነዋል። ከኛ የገዛ ሰው ባዶውን ከመለሰ በሚቀጥለው ሲመጣ እንቀንስለታለን፣ የሰፈር ልጆች ደግሞ 20 ባዶ ሲያመጡ አንድ የአበባ ችግኝ እንሰጣቸዋለን። መጀመሪያ ሰው ገርሞት ነበር፣ "ለዚች ብጣሽ ነው?" ይላሉ፣ አሁን ግን ሳንጠይቃቸው በፌስታል ጠቅልለው ይዘው የሚመጡ እናቶች አሉ። ልጆቹማ ከኛ ብሰዋል፣ አንዱ ልጅ ከትምህርት ቤቱ ተከላ ቀን አንድ ቦርሳ ሙሉ ይዞ መጣ፣ ደብተሩን በእጁ ይዞ።

አወላለቁ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ነገሩ ሁሉ እዚህ ጋ ነው የሚበላሸው። ተከላው ሊጀመር ሲል ወይ ከዛ በፊት በነበረው ማታ ችግኙ ውሃ ይጠጣ፣ ደረቅ አፈር ይበተናል፣ የራሰ አፈር ግን ተያይዞ ይወጣል። ከዛ ፕላስቲኩን በሁለት መዳፍ መሀል ቀስ ብሎ ማሸት፣ አፈሩ ከፕላስቲኩ እንዲላቀቅ፣ ከዛ ግንዱን በጣቶች መሀል አስገብቶ መገልበጥና ከታች ወደ ላይ መሳብ፣ እንደ ካልሲ ነው የሚወልቀው። ምላጭ አያስፈልግም። ምላጭ ፕላስቲኩን ይገድላል፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ ሥሩንም ይቆርጣል፣ ክረምት ላይ በጭቃ እጅ ምላጭ ይዞ ልጅ አጠገብ መሥራት በራሱም ጥሩ አይደለም። ችኮላ ካለ ሁለት ሰው አንድ ላይ ይሁኑ፣ አንዱ እያወለቀ ባዶውን ኪሱ ወይ ማዳበሪያው ውስጥ ይከታል፣ አንዱ ይተክላል፣ እኛ ሞክረነዋል፣ ለብቻ ከመሥራት አይዘገይም። ሥሩ ተጠቅልሎ ከተገኘ ደግሞ የተጠቀለለውን በጣት ፈታ ማድረግ፣ በጣም የጠጠረውን ቆረጥ ማድረግ፣ እንዲሁ ከመቅበር ይሻላል።

ከዛ እጥበቱ። ይሄን ያልኩት ተምሬበት ነው። የመጀመሪያው አመት የመለስነውን ፕላስቲክ አራግፈን ብቻ አፈር ሞላንበት፣ አንድ መደብ ሙሉ ፓፓያ በሳምንት ውስጥ አለቀብን፣ ግንዱ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ጠቁሮ ቀጥኖ ዘጭ ይላል፣ ጠዋት የቆመው ማታ ተኝቷል። በሽታው ከአሮጌው አፈር ጋር ነው የተሻገረው። አሁን መጀመሪያ አፈሩን በውሃ አጥበን እናስለቅቃለን፣ ከዛ 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውሃ በጥብጠን 10 ደቂቃ እንነክራለን፣ በንጹህ ውሃ አለቅልቀን ገመድ ላይ እናሰጣለን፣ ከዛ ወዲህ እንደዛ አይነት ነገር አላጋጠመንም። ሲደርቅ ግን ፀሐይ ላይ ለወራት አይቀመጥ፣ ፀሐይ ፕላስቲኩን ያደርቀውና እንደ ቅጠል ይፈረካከሳል፣ ጨለማ ቦታ በ100 በ100 ታስሮ ማዳበሪያ ውስጥ ይቀመጥ።

አሁን ወደ ግዢ ኃላፊዎች ልምጣ፣ እዚህ ላይ እናንተ ካልገባችሁበት እኛ አጥበን አናመጣውም። ብዙ ቦታ ፕላስቲኩ የሚገዛው በጨረታ በዝቅተኛ ዋጋ ነው፣ ዝቅተኛ ዋጋ ማለት ቀጭኑ ማለት ነው፣ ቀጭኑ ደግሞ አፈር ስንሞላው እንኳ የሚቀደድ አለ፣ ወልቆ ይመለሳል ብሎ ማሰብ አይቻልም። ትንሽ ወፈር ያለው በኪሎ ሲቆጠር ውድ ይመስላል፣ ከአንድ ኪሎ የሚወጣውም ቁጥር ያንሳል፣ ግን ሁለት ሶስት ዙር ካገለገለ ሂሳቡ ይገለበጣል። እኛ ወፍራሙን ገዝተን ሶስተኛ ዙሩ ላይ ያሉ አሉን። ጨረታው ላይ ውፍረቱን ጻፉት፣ ስንት ጊዜ እንደሚያገለግል ጠይቁ። እንደ አቮካዶና ማንጎ ላሉት ትልልቅ ችግኞች ደግሞ ጠንካራ ፖት ይሻላል፣ ለደን ዛፎችም ባለ ጉድጓድ ጠንካራ ትሪ አለ፣ ግድግዳው ላይ ሥሩን ወደ ታች የሚመራ መስመር ያለው፣ ሥሩ አይጠቀለልም፣ ትሪው ብዙ አመት ያገለግላል፣ ከጣቢያም አይወጣም ምክንያቱም ችግኙ ነቀል ተደርጎ ነው የሚሄደው። መነሻው ውድ ነው፣ አውቃለሁ፣ ግን በየአመቱ በቶን እየገዛን በየጋራው መጣሉም ርካሽ አይደለም።

ፕላስቲክ ጭራሽ ለምን አይቀርም የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። በኮባ ሞክረናል፣ ለዳቦ እንደምንጠቀልለው እንሰት ቅጠሉን ጠቅልለን በቃጫ አስረን፣ ቶሎ ለሚደርሱት ለእነ ፓፓያ ደህና ነው፣ ከነቅጠሉ ይተከላል፣ ይበሰብሳል። ለጽድና ለወይራ ግን ወራቱን አልቻለም፣ መደቡ ላይ እያለ ፈረሰብን። ቀርከሃ ያለበት አካባቢ ደግሞ ቀርከሃውን መቁረጥ ይቻላል፣ እሱም ጥሩ ነው። እንግዲህ አካባቢው ያለውን መጠቀም ነው፣ ሆኖም ለብዙው ሥራ ለጊዜው ከፕላስቲኩ ጋር ነን፣ ስለዚህ ያለውን ደጋግመን እንጠቀምበት።

የተቀደደውና ከጥቅም ውጪ የሆነው ደግሞ ሌላ መንገድ አለው። ቆራሌው ጀሪካኑን፣ የጫማውን ሶል፣ ሃይላንዱን፣ ወንበሩን ሁሉ ይገዛል፣ የኛን ፕላስቲክ ግን አይወስድም ነበር፣ ጠይቄው "ጭቃ ነው፣ ሚዛን ላይ አፈር ነው የምትሸጪልኝ" አለኝ፣ ልክ ነው። ሳጥበው ግን ወሰደ። ብዙ አልከፈለንም፣ ግን ወሰደ፣ ከሱ ወደ ምናለሽ ተራ ወይ ወደ ሚያቀልጡት ይሄዳል። ይሄ ፕላስቲክ ከፌስታሉ ጋር አንድ ዘር ነው፣ ይቀልጣል፣ ተመልሶ ጥቁር ቱቦና ጥቁር ፕላስቲክ ይሆናል፣ ጥቁር ቀለም የተለያየ ቀለም ያለውን ቅልቅል ስለሚሸፍን ከቀለጠው ውስጥ ጥቁሩን መሥራት ይቀላል። አውሮፓ ውስጥ በማሽን ሲለዩ ጥቁር ፖት ችግር ነው፣ ማሽኑ የሚያይበትን ብርሃን ጥቁሩ ቀለም ስለሚውጠው አያየውም፣ ተለይቶ ሳይወጣ ይቀራል። እኛ ጋ የሚለየው የሰው እጅና የሰው አይን ስለሆነ ጥቁርነቱ አያግደንም፣ የሚያግደን አፈሩ ብቻ ነው። ጣቢያዎች የውሃ መስመር አላቸው፣ ታጥቦ ቢደረደር የሚወስደው ሰው ይገኛል፣ ለዛ የሚሆን ስምምነት ከጽዳት ማህበራት ወይ ከቆራሌዎች ጋር መነጋገር የናንተ ድርሻ ነው።

አታቃጥሉት ብቻ። ጣቢያ ውስጥ ስሠራ የተቀደደውን እየከመርን እሳት እንለኩስበት ነበር፣ እኔም ለኩሻለሁ፣ ሌላ ምን ይደረጋል ብሎ የነገረን አልነበረም። ያ ጥቁር ጭስ ችግኙ ላይም፣ አጠገቡ አፈር የምትሞላዋ ነፍሰጡር ላይም ነው የሚያርፈው።

በየቤታችሁ ላላችሁም፣ አበባና ችግኝ ለምትገዙ። ጠንካራው ፖት ችግኙ ወደ መሬት ከገባ በኋላ አይጣልም፣ የሸጠላችሁን ሰው ጠይቁት፣ መንገድ ዳር ያለን ችግኝ ሻጮች በደስታ ነው የምንቀበለው። የቀለም ባልዲ፣ የዘይት ጀሪካን፣ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ፣ ከታች አራት አምስት ቦታ ሞቅ ባለ ምስማር ከተበሳ ጥሩ መትከያ ነው፣ እናቶቻችን ሬሃኑንም ጤናዳሙንም ያሳደጉት በዛ ነው። የቀለሙን ባልዲ ብቻ የሚበላ ነገር ባትተክሉበት ይሻላል፣ የኬሚካል የነበረበትንማ ጨርሶ።

ስለ ሕግም ትንሽ ልበል። በ1999 የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ከ0.03 ሚሊሜትር የቀጠነ ፌስታልን ከልክሎ ነበር፣ በ2017 ደግሞ ምክር ቤቱ ፌስታልን የሚከለክል አዲስ አዋጅ አጽድቋል። ገበያ ላይ ጎመን የምትሸጥ እናት ስለ ፌስታል ስትጠየቅ በሺህ የሚቆጠር ፕላስቲክ ጋራ ላይ ጥለን የምንመጣው ደግሞ ሳንጠየቅ መቅረታችን ልክ አይመጣም። እሷ ትቀጣ ማለቴ አይደለም፣ እኛም እንደሷ እንቆጠር ነው።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ፣ ችግኝ ሲወጣ ባዶው እንዲመለስ ይጻፍ፣ መኪናው ባዶውን ሳይዝ አይነሳ፣ ከተከላው በፊት አስር ደቂቃ ተወስዶ አወላለቁ በተግባር ይታይ፣ ለዚህ የጣቢያ ሠራተኛ ሴቶችን ውሰዱ፣ ከነሱ የተሻለ የሚያውቀው የለም፣ አበልም ይከፈላቸው። ሪፖርት ላይም ስንት ተተከለ ከሚለው ቀጥሎ ስንት ባዶ ተመለሰ የሚል ይግባበት። ባዶው ከተቆጠረ ከነፕላስቲኩ የተቀበረም አይኖርም እኮ፣ 1,000 ወስዶ 600 የመለሰ ሰው 400ው የት እንደገባ ራሱ ይጠይቃል፣ ቁጥሩ ችግኙንም ነው የሚያድነው።

ዘንድሮ እኛ ከተከላ ቦታ የለቀምነውና ሰው የመለሰልን ከምንፈልገው በላይ ሆኗል። ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በ100 በ100 ታስሮ ስድስት ማዳበሪያ ቤት ውስጥ አለ፣ አብዛኛው ወፈር ያለው ነው፣ ያልተቀደደ። አፈር መሙላት ጥቅምት ኅዳር ላይ ስለሚጀመር ከዛ በፊት የሚወስድ የመንግስትም ይሁን የማህበር ጣቢያ ካለ በነጻ እንሰጣለን፣ መኪና ብቻ ይዛችሁ ኑ። ወንዝ ዳር ነን፣ ከድልድዩ ወረድ ብሎ፣ በሩ ላይ ፕላስቲኮቹ ገመድ ላይ ተሰጥተው ታዩታላችሁ።

አክባሪያችሁ
አንዲት ችግኝ አፍይ